የጋሼ ደብተር ወደ ግራምፕስ ሲገባ፦ አንድ የጅማ ቤተሰብና አንድ አድኦን

ጅማ የሚኖር አንድ ሰፊ ቤተሰብ የዘር ሐረጉን ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ፈለገ። በእጁ ያለው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ደብተር ነው። የቤተሰቡ ታላቅ የነበሩት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሰው፣ በሕይወት ሳሉ ልደቱን፣ ጋብቻውንና ሞቱን ሲመዘግቡበት ኖረዋል። ሌላው የእህታቸው የልጅ ልጅ ደብተሩን ገጽ በገጽ እያየች ኤክሴል ላይ የገለበጠችው ሰንጠረዥ ነው። የእኔ ድርሻ ይህን ሰንጠረዥ ግራምፕስ ወደሚባለው የቤተሰብ ታሪክ ሶፍትዌር የሚያስገባ አድኦን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ መጻፍ ነበር።

ኮዱ ራሱ ረጅም አይደለም። ጊዜ የወሰደው ውሳኔው ነው። ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብለን ከሁሉ በላይ የተነጋገርንበት ጉዳይ አንድ ነው፦ ደብተሩ የማያውቀውን ነገር ፕሮግራሙ እንደሚያውቅ ሆኖ እንዳይጽፍ ማድረግ። እንዴት እንደሠራነው እዚህ ልጻፈው። የዘር ሐረጋቸውን ለመመዝገብ ለሚያስቡ ቤተሰቦችም፣ ኮድ ለሚጽፉ ወጣቶችም ይጠቅማል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ግራምፕስን ለምን?

ግራምፕስ ነፃ ሶፍትዌር ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው የተጻፈው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የጎደለውን መጨመር ይቻላል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ይሄ ለጅማ ቀላል ነገር አይደለም። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ አይቆምም፤ መብራት ቢሄድም የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ይሠራል።

ቤተሰቡን ያሳመነው ግን ሌላ ነው። መረጃው በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገር መዝገብ የማያውቁት ሰርቨር ላይ እንዲያድር አልፈለጉም። ልክ ናቸው።

ግራምፕስ ከሲኤስቪ፣ ማለትም ሰንጠረዥ በተራ ጽሑፍ ከሚቀመጥበት ፋይል፣ መረጃ የሚያስገባ መሣሪያ አብሮት ይመጣል። ጄድኮምም ያነባል። ጄድኮም የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ፎርማት ሲሆን የዘር ሐረግ ሶፍትዌሮች እስከ ዛሬ መረጃ የሚለዋወጡት በእሱ ነው። «ይሄ ሁሉ እያለ አዲስ መጻፍ ለምን አስፈለገ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ተጠይቋልም። ስለዚህ አስቀድመን በተዘጋጀው ማስገቢያ ጥቂት ረድፎች አስገብተን አየን።

የጋብቻው ቀን

የጋሼ ታናሽ እህት፣ እትዬ፣ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው የእሳቸውን ገጽ ከፈተችላቸው። ጋብቻ፣ 1972 ይላል። የመጀመሪያ ልጅ ልደት፣ 1965 ይላል። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለቴ አዩት። «ሳታገቢ ወለድሽ ነው የሚለኝ ይሄ?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋብቻው ቀን የተወሰደው ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ለጉዞ ጉዳይ ካሠራው ሰነድ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል። ልደቱ የተወሰደው ከደብተሩ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። 1965 ዓ.ም. ማለት ደግሞ ከሴፕቴምበር 1972 እስከ ሴፕቴምበር 1973 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነው። እትዬ በጥር 1964 ዓ.ም. ተድረው በሚቀጥለው ዓመት ነው የወለዱት። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ማንኛቸው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆኑ የሚናገር ነገር አልነበረም።

ልብ በሉ፣ የተዛባው ሰባት ዓመት ነው። መቶ ዓመት ቢሆን ሁሉም ያየዋል። ሰባትና ስምንት ዓመት ግን በሰው ዕድሜ ውስጥ ይደበቃል። ግራምፕስ መረጃ የሚያጣራ መሣሪያ አለው። እናቱ ሳትወለድ የተወለደ ልጅ ካገኘ ይናገራል። ሰባት ዓመት የተንሸራተተ የልደት ቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋል። የተንሸራተተው ደግሞ የሰው ክብር ላይ ያርፋል።

መፍትሔ ያደረግነው አቆጣጠሩን ከምንጩ ጋር ማሰር ነው። ጋሼ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈው አያውቁም። ስለዚህ ምንጩ «ደብተር» ከሆነ፣ የሂጅራ ወር ካልተጻፈበት በቀር፣ ቀኑ የኢትዮጵያ ነው። ምንጩ «ሰነድ» ከሆነ የሰነዱ ዓይነት አቆጣጠሩን ይወስናል። ምንጭ ያልተጻፈበት ረድፍ ካለ አድኦኑ ቀኑን አያሰላም። እንደተጻፈው ወስዶ በጽሑፍነት ብቻ ያስቀምጠውና «ይጣራ» የሚል ምልክት ያደርግበታል።

ቀን ማስላት

ግራምፕስ ሰባት የዘመን አቆጣጠሮችን ያውቃል። የግሪጎሪያን (ፈረንጅ የምንለው)፣ የጁሊያን፣ የዕብራውያን፣ የእስልምና፣ የፋርስ፣ የፈረንሳይ አብዮትና የድሮ የስዊድን። የእኛ የለም። ሦስት መንገድ ነበረን። አንደኛው የግራምፕስን ዋና ኮድ ነክቶ የኢትዮጵያን አቆጣጠር መጨመር ነው። ይሄ ከማስገቢያ አድኦን ያለፈ ሥራ ነው። ሁለተኛው ቀኑን በጽሑፍነት ብቻ ማስቀመጥ ነው። እውነት ነው፣ ምንም አይዛባም። ግን በጽሑፍ የተቀመጠ ቀን በቅደም ተከተል አይደረደርም፤ ዕድሜም አይሰላበትም። ሦስተኛውን መረጥን። አድኦኑ ወደ ግሪጎሪያን ይቀይራል፣ ቀኑ በስሌት የተገኘ መሆኑን ግራምፕስ ራሱ ባለው ምልክት ያስታውቃል፣ ጋሼ የጻፉትንም ቃል በቃል ማስታወሻ ላይ ያኖራል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱን ቀን ወደ አንድ ተከታታይ የቀን ቁጥር እንቀይራለን። ቁጥሩ ይህ ነው፦ 1723825 + 365 × ዓመት + (ዓመት ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × ወር + ቀን። የጁሊያን ቀን ቁጥር ይባላል። ከዚያ ወደ ግሪጎሪያን መመለስ ማንኛውም የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም የሚያውቀው ነገር ነው። ግራምፕስም ቀኖችን የሚደረድረው በዚሁ ቁጥር ነው።

ብዙ ሰው ግን በዚህ አይሠራም። «መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው» የሚል የወራት ሰንጠረዥ ይዞ ይቀይራል። ለዘመናችን ይሠራል። ለአያት ቅድመ አያት ሲሆን ይስታል። ለምሳሌ የዓድዋን ድል ውሰዱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የካቲት 23ን የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው። ጦርነቱ የተደረገው ግን ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ቀን ለምን ተለየ? 1900 በግሪጎሪያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም። በእኛ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት መሆኗ አልተቋረጠም። በቀመሩ ካሰላችሁት 2413620 ይወጣል፤ እሱም ማርች 1 ነው። አድኦኑ በተነካ ቁጥር ይህን ቀን እንደ መፈተኛ አስኬደዋለሁ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሜይ 5 ቀን 1941፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. ሆነው መውጣት አለባቸው።

ዓመት ብቻ የተጻፈበት ቦታ ይበልጥ ያሳስባል። ደብተሩ ላይ ይሄ ይበዛል። «በ1935 ተወለደ» ይላል፤ ወር የለም፣ ቀን የለም። ሰባት ወይም ስምንት ደምሮ 1942 ወይም 1943 ብሎ መጻፍ ይቀላል። ግን የትኛው? ደብተሩ አይልም። እኛ ያደረግነው ዓመቱን በሙሉ መውሰድ ነው፦ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1942 እስከ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1943 ባለው ውስጥ። የሚያልቀው 10 ላይ ያልሆነው 1935 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት ነው። ግራምፕስ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ምርጫዎች አሉ። አንዱ «በዚህና በዚያ መካከል አንድ ቀን» ማለት ነው፣ ሌላው «ከዚህ እስከዚያ ድረስ» ማለት ነው። ለልደት የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ለሥራ ዘመን ወይም ለነዋሪነት ነው። ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲወለድ አይከርምም።

ዘመነ ሉቃስን ካነሳሁ፣ ጋሼ አንዳንዴ ከዓመቱ ጎን ወንጌላዊውንም ይጽፋሉ። ይሄ ትልቅ ስጦታ ነው። ዓመቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። አድኦኑ ሁለቱን ያመሳክራል። «1934፣ ዘመነ ሉቃስ» የሚል ካገኘ 1934 ማርቆስ ስለሆነ አይስማሙም። ያን ጊዜ አያርምም። ምልክት አድርጎ ሁለቱንም ያስቀምጣል። የትኛው እንደተሳተ የሚያውቅ ሰው ካለ ይናገራል።

የወር ቀን ቁጥር ያልተጻፈባቸውም አሉ። «የኅዳር ሚካኤል ለት»፣ «ሰኔ በአቦ» ይላሉ። ለእነዚህ ትንሽ ሰንጠረዥ ሠራሁ። አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔዓለም 27። በእናታቸው በኩል ያሉት የጅማ ኦሮሞ ዘመዶች ደግሞ ሙስሊሞች ናቸው። እዚያ ዘንድ ረመዳንና ሸዋል ይመጣሉ። የሂጅራ ዓመት አብሮ ካለ ግራምፕስ የእስልምናውን አቆጣጠር ስለሚያውቅ በቀጥታ ይሰጠዋል። ግራምፕስ በስሌት ይሄዳል፤ ሰው ግን ጨረቃ አይቶ ይቆጥር ስለነበረ ቀኑ በአንድ ሁለት ሊለይ ይችላል። ስለዚህ «በግምት» የሚለው ምልክት ይደረግበታል።

«ጣልያን ሲገባ» የሚሉ ረድፎች ብዙ ናቸው። እነዚህን ወደ ቀን አልቀየርናቸውም። ጣልያን አዲስ አበባን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጅማ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ የትኛውን መግባት ማለታቸው እንደሆነ የሚነግረን የለም። «በኅዳር በሽታ ሞቱ» ሲሉ ግን 1911 መሆኑ ግልጽ ነው። እሱን በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ ብለን አስገባነው።

ቁጥሩና ፊደሉ

የልጅ ልጅቱ ደብተሩን የገለበጠችው እንዳየችው ነው። ጋሼ በግዕዝ ቁጥር ከጻፉ እሷም በግዕዝ ቁጥር ጽፋለች። አልቀየረችም፣ አላስተካከለችም። ከዚህ የተሻለ የገልባጭ ሥራ አላየሁም። ፓይተን ግን በግዕዝ ቁጥር ይደናገራል። ፩ን ሰጥታችሁ «ይሄ አሃዝ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «አዎ» ይላል። «እንግዲያው ወደ ቁጥር ቀይረው» ስትሉት ስህተት ብሎ ይቆማል። ፲ን ብትሰጡት ደግሞ አሃዝም አይደለም ይላል። ፲፱፻፴፭ን 1935 የሚያደርግ ራሱን የቻለ ቁራጭ መጻፍ ግድ ነው። ከ፻ በፊት ያለውን በመቶ ማባዛት፣ ከኋላው ያለውን መደመር ነው። ዜሮ የለም፤ ስለዚህ አሃዝ በአሃዝ ማንበብ አይሠራም።

ኤክሴልም የራሱን ጣጣ ያመጣል። በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኤክሴል ላይ ጳጉሜን 5ን 5/13/1935 ብላችሁ ብትጽፉ ሜይ 13 አድርጎ ይይዘዋል። በእኛ 13ኛ ወር አለ ብሎ የሚያስብ የለም። ለዚህ ነው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ኮለሞች ያደረግነው። ወሩም በስሙ ይጻፋል። ሲኤስቪ አድርጋችሁ ስታስቀምጡ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 (የእኛንም ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ አቀማመጥ) የሚለውን ምረጡ። ያ ካልሆነ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል።

የፊደል ነገር ሌላም አለው። አንዱ ገጽ ላይ ፀሐይ፣ ሌላው ላይ ጸሀይ ተጽፏል። ኃይሌ አለ፣ ሀይሌ አለ። ለኮምፒውተር የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አድኦኑ ስሞችን ሲያመሳክር ሀ፣ ሐና ኀን አንድ ያደርጋል። ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀንም እንዲሁ። ይሄ ለማመሳከር ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ የሚቀመጠው ጋሼ በጻፉት ፊደል ነው።

ስሙ ውስጥ ያሉ ሰዎች

እዚህ ላይ ነው ሥራው የከበደው። ግራምፕስም ሆነ ሌሎቹ የዘር ሐረግ ሶፍትዌሮች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ካላቸው አገሮች ነው። አበበ ተሰማ ወልዴ የሚል ሰው ቢገባ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። ያ ከሆነ አበበ «ወልዴ» ሥር ይገባል። አባቱ ተሰማ ደግሞ በአያቱ ስም ሥር ሌላ ቦታ ይገባል። አባትና ልጅ ዝርዝሩ ላይ አይገናኙም።

ደግነቱ ግራምፕስ መውጫ አለው። ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ ሁለተኛ ስም መስጠት ይቻላል። እያንዳንዱም ስም ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። ከምርጫዎቹ ውስጥ «የአባት ስም» የሚል አለ። አድኦኑ ተሰማንም ወልዴንም በዚህ ዓይነት ያስገባቸዋል። ዋናው ተሰማ ይሆናል።

ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ነው። ደብተሩ ላይ አበበ ተሰማ ወልዴ ካለ፣ ተሰማ የሚባል አባትና ወልዴ የሚባል አያት ነበሩ ማለት ነው። ለእነሱም ገጽ ይከፈት ወይ? ቤተሰቡ ይከፈት አለ፤ እኔም ተስማማሁ። አንድ ሰው ስም ውስጥ ብቻ ቢቀርም ሰው ነው። ግን ሌላ ገጽ ላይ ዘነበች ተሰማ ወልዴ ትገኛለች እንበል። የአበበ እህት ናት? ልትሆን ትችላለች። ተሰማ ወልዴ የሚባሉ ሁለት ሰዎችም ሊኖሩ ይችላሉ። የልጅ ልጅቱ «አንድ አድርጋቸው፣ መቼም ይታወቃል» አለች። እትዬ አልተስማሙም። «ይታወቃል ማለት የሚያውቅ አለ ማለት ነው። ማን ነው የሚያውቀው?» አሉ።

በእትዬ ሄድን። አድኦኑ ሰዎችን አንድ የሚያደርገው ጋሼ ራሳቸው በአንድ አባት ሥር ልጆችን ዘርዝረው ካስቀመጡ ብቻ ነው። በስም መመሳሰል ብቻ ማንንም አያገናኝም። ሁለት ተሰማ ይፈጥርና ሁለቱንም «ይጣራ» ይላቸዋል። ግራምፕስ ላይ ሁለት ገጾችን ማዋሃድ ቀላል ነው፤ ሁለቱን መርጦ ማዋሃድ ብቻ ነው። በስህተት የተዋሃዱ ሁለት ሰዎችን መለየት ግን እያንዳንዱን ክስተት፣ እያንዳንዱን ልጅ መልሶ ማከፋፈል ይጠይቃል። ስለዚህ ስትጠራጠሩ ለይታችሁ አስገቡ።

እናቶች ደግሞ ስሙ ውስጥ የሉም። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። ሦስት ትውልድ የአባት ስም ተደርድሮ የወለደችው አትጠራም። ግራምፕስ ቤተሰብን የሚያውቀው በባልና ሚስት ጥንድ ነው። እናታቸው ያልታወቁ አምስት ልጆችን በአንድ አባት ሥር በአንድ ጥንድ ብታስገቡ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ሆነው ይታያሉ። ጅማ ውስጥ፣ ሁለት ሦስት ሚስት የነበራቸው አያቶች ባሉበት ቤት፣ ይሄ ውሸት ሊሆን ይችላል። አድኦኑ እናቱ ያልተጻፈች ልጅን ሁሉ ለየብቻ ቤተሰብ ይሰጠዋል። ዝርዝሩ ይረዝማል፤ አዎ። ግን የእናቷ ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል። ባዶ ሆኖ ሲታይ ሰው ይጠይቃል። እትዬ በዚህ መንገድ ሁለት ሴቶችን በስማቸው አስታውሰዋል።

የጉዲፈቻው ነገር በቀስታ የተነጋገርንበት ነው። ጉዲፈቻ በኦሮሞ ባህል ሥር የሰደደ ነው። ልጁ የአሳዳጊውን ስም ይይዛል፣ እንደ ወለዱት ይቆጠራል። ስለዚህ «አበበ ተሰማ» ማለት ተሰማ ወለደው ማለት ላይሆን ይችላል። ግራምፕስ ልጅን ከአባት ሲያገናኝ የዝምድናውን ዓይነት ካልነገራችሁት «የተወለደ» ብሎ ይይዛል። ይሄ ሳይታወቅ የሚያልፍ ነገር ነው። አድኦኑ ከስም ብቻ ለተገኘ አባትነት ሁሉ ዓይነቱን «ያልታወቀ» ያደርገዋል። ጋሼ «ወለደ» ብለው ከጻፉ ብቻ «የተወለደ» ይሆናል። በጉዲፈቻ መሆኑ የተጻፈበት ደግሞ እንዲሁ ይመዘገባል። ግን የግል የሚለው ምልክት ይደረግበታል። መረጃው ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች ሲላክ የግል የተባለው እንዲቀር ማድረግ ይቻላል። ማን በጉዲፈቻ እንዳደገ መናገር የቤተሰቡ ፈንታ ነው፤ የእኔ ወይም የሶፍትዌሩ አይደለም።

የፈረስ ስሞችም አሉ። በዚህ አገር የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው መሆኑን የማያውቅ የለም። ደብተሩ ላይም አንዳንድ አያቶች በ«አባ» ብቻ ይጠራሉ። እነዚህን ሌላ መጠሪያ በሚለው ሥር አስገባናቸው። የሰውየው የተወለደበት ስም ካልታወቀ ቦታው ባዶ ሆኖ ቀረ።

ቦታዎቹ ብዙ አላስቸገሩም። ግራምፕስ አንድ ቦታ በየዘመኑ በማን ሥር እንደነበረ መያዝ ይችላል። ጅማ አንድ ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ናት፣ አሁን ኦሮሚያ ክልል ናት። ሂርማታና ጂረን በስማቸው ገቡ።

አድኦኑ እንዴት ተሰካካ

ሁለት ፋይሎች ናቸው። አንዱ አጭር የምዝገባ ፋይል ነው። የአድኦኑን ስም፣ ዓይነቱ ማስገቢያ መሆኑን፣ የሚቀበለውን የፋይል ዓይነትና ለየትኛው የግራምፕስ እትም እንደተሠራ ይናገራል። ሁለተኛው ሥራውን የሚሠራው ነው። የውሂብ ጎታውን፣ የፋይሉን ስምና ተጠቃሚውን ተቀብሎ ረድፍ በረድፍ ይሄዳል። የእትሙ ነገር ቀልድ አይደለም። ግራምፕስ ወደ አዲስ እትም ሲሸጋገር በምዝገባ ፋይሉ ላይ ያለው ቁጥር ካልተቀየረ አድኦኑ አይጫንም። ስለዚህ ቤተሰቡ ሳይጠይቁኝ እትሙን እንዳይቀይሩ ተስማምተናል።

ማስገባት በአንድ ትልቅ ጥቅል ነው የሚሄደው። እንዲህ የገባ ነገር ደግሞ በ«መልስ» ቁልፍ አይመለስም። ስለዚህ ሁልጊዜ ባዶ የቤተሰብ ዛፍ ከፍቶ መጀመሪያ እዚያ ማስገባት፣ ማየት፣ ከዚያ ብቻ ወደ ዋናው መሄድ። ከዚያም በፊት ባክአፕ።

ከሁሉ የምወደው ክፍል የምንጩ ነው። አድኦኑ የሚያስገባው እያንዳንዱ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ላይ የደብተሩን ገጽ ይጽፋል። ግራምፕስ ለእያንዳንዱ ምንጭ የመታመኛ ደረጃ ይጠይቃል። ጋሼ ራሳቸው የተገኙበትን ልደት ከፍ ያለ ደረጃ ሰጠነው። ከስም ብቻ የተገኘ አባትነት ዝቅ ያለ ደረጃ አለው። ከዓመታት በኋላ ዛፉን የሚያይ ልጅ ይሄ ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅ ደብተሩን ከፍቶ ገጹን ያገኛል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ሰንጠረዡ ገብቷል። የእትዬ ገጽ ላይ ጋብቻው ጃንዋሪ 1972፣ የልጃቸው ልደት ከዚያ በኋላ ሆኖ ይታያል። ማስታወሻው ላይ ደግሞ ጥር 1964 እና 1965 ዓ.ም. አለ። «ይጣራ» የተባሉት ገጾች በቀይ ምልክት ተለይተው ዝርዝሩ ላይ ይታያሉ። የልጅ ልጅቱ እነዚያን ብቻ አትማ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ይዛ ትሄዳለች። ሰው ባስታወሰ ቁጥር ማን እንዳስታወሰ ይጻፋል፤ እሱም አዲስ ምንጭ ይሆናል። ሁለት ተሰማዎች አንድ ሰው መሆናቸው ተረጋግጧል። ሌሎች ሁለት ደግሞ የተለያዩ መሆናቸው ታወቀ። ብዙዎቹ እንደተለያዩ ናቸው።

በቅርቡ ከአጋሮ አንድ ቤተሰብ ደብተሩን ይዞ መጣ። የተጻፈው በኦሮምኛ ነው። የወር ስሞቹን ሰንጠረዡ ላይ እየጨመርኩ ነው። አንድ የሚያሳስብ ነገር ግን አለ። አማጂ ለጥርም ለጃንዋሪም ይውላል፤ ሌሎቹ ወራትም እንዲሁ። ስለዚህ ረድፍ ከማስገባቴ በፊት የቤቱን ሽማግሌ ማግኘት አለብኝ። ደብተሩን የጻፉት ሰው በየትኛው አቆጣጠር ይቆጥሩ እንደነበር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ቀጠሮ ይዘናል።